ከእናት ሌላ ሰው ፊት

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

የገና ዛፉን ዛሬ አወጣነው። ቅጠሉ ከምንጣፉ ውስጥ እስከ ጁላይ ሲለቀም ይኖራል። ትምህርትም ጀመርን። እኛ ቤት ትምህርት ማለት ሶፋው ላይ ነው፦ እኔ መሀል፣ ሃቲ በቀኜ፣ ኤምሪ በግራዬ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት። መርከባቸው በረዶ ውስጥ ስለተያዘባቸው ሰዎች የሚተርከውን መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ሃቲ የመርከቡ አዛዥ ያደረገውን ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሏ ወጣችው፤ የሰውየውን ጉርምርምታ እንኳ አልተወችም። አሥር ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ራሷ እንድታነብ አንድ ገጽ ሰጠኋት። ዓይኔን ደከመኝ አለች። መነጽሩን መቀየር ሳይኖርብን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ጓዳውን አደራጀሁ። ስኳሩን፣ ጨውን፣ ዱቄቱን፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ነጭ ጣሳ ውስጥ ከተትኩና በየክዳኑ ላይ በጥሩ ጽሕፈት ስሙን ጻፍኩበት። የነበሩበትንም ቦታ ሁሉ ቀያየርኩት። ከርት ከእህል ጎተራው ሲመለስ ገልጦ አየና «ጓዳ ነው ወይስ መድኃኒት ቤት?» አለኝ። ባሎች ለንጽሕና የሚሰጡት ምስጋና ይሄ ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 11

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ከእናቶች ስብስባችን ቤቨርሊ ስትራንድ ደወለች። የክፍለ ግዛታችን ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ ይዟል። ቤቱ የሚማር ልጅ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ከወላጁ ሌላ ሰው ፊት ተቀምጦ ያነባል፣ ሒሳብ ይሠራል። እስከ ዛሬ የዓመቱን ፈተና እኛው እናቶች በየማዕድ ቤታችን ነበር የምንሰጠው። «መጡብን» አለች ቤቨርሊ።

ስልኩን ዘጋሁና ሹራብ ደረብኩ። ማሞቂያውም በደንብ አይሠራም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

የማክሰኞው ስብስባችን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። ልጆቹ ወዲያ ማዶ ኳስ ይራገጣሉ፣ እናቶች እዚህ ጥግ እንፎክራለን። ቤቨርሊ ሰባት ልጅ ቤቷ አስተምራለች፤ ስትናገር ማንም አያቋርጣትም። አንዷ አዲስ መጤ እናት ፈራ ተባ እያለች «የኔ ልጅ ስምንት ሊሞላው ነው፣ ገና አላነበበም» አለች።

«የኔ ጆኤል እኮ ያነበበው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አለቻት ቤቨርሊ። «ዝም ብለሽ አንብቢለት። ጊዜው ሲደርስ እንደ ጥርስ ይወጣል። የሚያበላሸው ማስገደድ ነው።»

ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አቀፍናት። እኔም አቀፍኳት። አሥራ አንድ። ሃቲ በማርች አሥራ አንድ ይሞላታል። ለምን ይህን እንደጻፍኩ እንጃ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 21

የከርት እህት ዶና ለምሳ መጣች። ከተማችን ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ጥሩ ሴት ናት፤ ጥሩነቷ ነው የሚያስቸግረኝ።

ኤምሪ ስድስት ዓመቱ ነው። የቲማቲም ድልሁን ጠርሙስ ወደራሱ ጎተተና ከኋላው ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ስኳር፣ ኮምጣጤ፣ ሽንኩርት... ማንም አላስተማረውም! ከእኔ ጎን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለቅሞት ነው። ከርት ማንኪያውን ጣለ፣ ዶና አጨበጨበች፣ እኔ ሳምኩት። ሃቲ እጇን ዘርግታ ጠርሙሱን ነጠቀችውና «ምግቡ ላይ ምራቅህን ትረጫለህ» አለችው።

ዶና ፈገግ ብላ «ሃቲዬ፣ የቀረውን አንቺ አንብቢልኝ እስቲ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ» አለቻት። መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጨውና ቅመም ነው» አልኳት እኔ ቶሎ ብዬ።

ዶና አየችኝ። ከዚያ ልጆቹ ሲወጡ ጠብቃ፣ «ሩትአን፣ እኔ ጠላትሽ አይደለሁም» አለች።

«ታዲያ ለምን እንደ መርማሪ ታፋጥጫታለሽ? አንቺ ሃያ አራት ልጅ አለሽ፣ እኔ ሁለት። የትኛችን ናት ልጆቿን በደንብ የምታውቀው?»

«አንቺ ነሽ። ግን አንቺን የሚያይሽ የለም። እኔ ስሳሳት ርዕሰ መምህሩ አለ፣ ከጎኔ ያለችው አስተማሪ አለች፣ ስልክ አንስቶ የሚጮህብኝ ወላጅ አለ። እንዲያውም አንቺ ራስሽ ጮኸሽብናል።»

«ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው» አለ ከርት። «ክርክሩን ከኬኩ በኋላ።»

ከኬኩ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ዶና ሳህን አጥባ ሄደች።

እዚያው ዕለት፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። «ጮኸሽብናል» ስትል እውነቷን ነው፣ ጮኼያለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እጮሃለሁ። አንደኛ ክፍል ላይ ሃቲን ቀይ ጠረጴዛ አስቀመጧት። ሰማያዊ የፈጣኖች፣ ቢጫ የመካከለኞች፣ ቀይ የደካሞች። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገራቸውም፤ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ሞኝ አይደለም። በየጠዋቱ ታስመልስ ጀመር። አንድ ቀን ጫማዋ ጠፋ ተብሎ ቤቱ ሲታመስ የውሻው ምግብ ከረጢት ውስጥ ቀብራው አገኘሁት። «ጫማ ከሌለኝ እኮ አልሄድም» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት አወጣኋት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አስመልሳ አታውቅም። ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፣ በፍራፍሬ የተሞላ ፓይ ትጋግራለች፣ ዶሮዎቹን በየስማቸው እየጠራች ትቆጣለች። ትምህርት ቤት ልጄን ሰብሮ ሰጠኝ፣ እኔ ጠገንኳት። ይሄን ማንም አይወስድብኝም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ዛሬ ቆረጥኩና አንድ ገጽ፣ ቀላል ገጽ፣ ፊቷ አስቀመጥኩ። ትልቅ ሥዕል አለው። ሥዕሉን አየችና ፈረስ ነው ብላ ጀመረች። የተጻፈው በቅሎ ነበር። ነገርኳት። ቀጣዩ ላይ ቆመች፣ ነገርኳት። እንዲህ እንዲህ እያልን ገጹ አለቀ። ለካ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

«ጎበዝ» አልኳት።

ረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ዶሮዎቹ ጋ ልሂድ አለች።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 9

የዓይን ሐኪም። የዛሬ ዓመት የሄድንበት አይደለም፣ ሌላው። ዓይኗ ምንም የለበትም ይላል፤ ያለውንም መነጽር ባታደርገው ግድ የለም አለ። ሐኪም ሁሉን አያውቅም። ሱቅ ገባን፤ ሒሳብ ተቀባይዋ እንደ ልማዷ «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አለች። ሃቲ «ትምህርት ቤቱ ከእኛ ጋር ነው የሚዞረው» ብላ መለሰችላት። ሴትየዋ ሳቀች። አፏን እንዴት እንደምታውቅበት!

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 13

በማርች መጀመሪያ ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። እኛም እንደ ልማዳችን ለእያንዳንዱ ሴናተር አንድ አንድ ፓይ ይዘን እንሄዳለን። ቤቨርሊ «ሆዱ የሞላ ሰው አይጨክንም» ትላለች። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ልጅ ኮሚቴው ፊት ንግግር ያነባል። ቤቨርሊ ዙሪያውን አየችና ጣቷን ሃቲ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ናት። ስታነብ ስሜት አላት። ባለፈው ያንን ረጅም ግጥም ስታወርደው እኮ አለቀስኩ።»

እናቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሃቲም አየችኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ጉሮሮዋን ያማታል ማለት እችል ነበር።

«ደስ ይላታል» አልኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

ንግግሩን ጻፍኩት፣ ሁለት ገጽ። ሃቲ «አንቺ አንብቢልኝ፣ ካንቺ አፍ ስሰማው ይገባኛል» አለች። ሦስቴ አነበብኩላት፤ በአራተኛው አብራኝ አለችው።

ሳህን እያደረቀች ድንገት ስለ ሕጉ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ያ የሚመጣው ሰው ወንድ ነው ሴት?»

«አላውቅም። ሴት ሳትሆን አትቀርም።»

«ቤታችን ነው የምትመጣው?»

«ወይ ትመጣለች፣ ወይ ይጠሩናል።»

«አንቺ ክፍሉ ውስጥ ትሆኛለሽ?»

«አልሆንም። ወላጅ አይግባ ነው የሚለው።»

«እና የጠየቀችኝን ብቻዬን እነግራታለሁ ማለት ነው?»

«አዎ። ታያለሽ እንዴት እንደሚያስፈራ?»

«አዎ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። አንዱን ሳህን ደርቆም ስታሸው ቆየች። ልጄን ምን ያህል እንዳስጨነቋት ያኔ ገባኝ። ይሄን ሕግ መጣል አለብን።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 24

ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይጫወታሉ። አስተማሪው ኤምሪ ነው። የእኔን ድምፅ አስመስሎ፣ «ግድ የለም የኔ ጌጥ፣ ዓይንሽን ደክሞሽ ነው። እኔ ልንገርሽ?» ይላል።

«አትንገረኝ!» አለች ሃቲ። «ትንሽ ቆይ። ደግሞ ቀስ በል፣ ትሰማናለች።»

በሩን ስከፍት ሃቲ የሆነ ነገር ጀርባዋ ሥር አስገባች። የኤምሪ የሥዕል መጽሐፍ ይመስለኛል። «ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩ። «ልብስ እያጠፍን» አለች። አንድም የታጠፈ ልብስ አልነበረም። ሳቅ አልኩና በሩን መለስኩት። ልጆች ጨዋታቸውን አዋቂ ሲያይባቸው ያፍራሉ።

ሳቅኩ ብዬ ጻፍኩ? አልሳቅኩም።

ሰኞ፣ ማርች 4

የመዓት ቀን። ነገ የሚጓዘው ፓይ ዛሬ መጋገር ነበረበት፤ የእኛ ድርሻ ስድስት የፖም ፓይ ነው። ቤቨርሊ ለወረቀት ሥራ ስለጠራችኝ ሃቲ ብቻዋን እንድትጋግር ትቻት ኤምሪን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ አብሬያት ሆኜ ዕቃውን እያቀበልኳት ነበር የምትሠራው፤ መጠኑን ግን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች፣ ሁሉም በጭንቅላቷ ነው። ስመለስ ስድስቱም ወርቅ መስለው ተደርድረዋል። አንዱ ጠርዙ ስለተቀነጠሰ ለእኛ ይሁን ብዬ ቀመስኩት።

ጨው ነው። በስኳር ፈንታ ስድስቱም ጨው!

የተቆጣሁ መሰለኝ። የጮህኩ መሰለኝ። «ክዳኑ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ይኸው፣ በትልቁ!» አልኩ። ሃቲ መጥረጊያውን ወረወረችው። «አንቺ ነሽ ቦታውን የለወጥሽው! ስኳሩ በግራ ነበር! ሁልጊዜ በግራ ነበር!» እያለች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አለቃቀሷ ለፓይ የሚለቀስ አልነበረም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንም ቢሆን ይሳሳታል አልኳት፤ ሁሉም ጣሳ ነጭ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ኤምሪ በሩ ላይ ቆሞ «እኔ ብኖር አነብላት ነበር» አለ። ውጣ ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን። ምን አደረገ?

አሁን ሌላ ስድስት እየጋገርን ነው። ጣሳዎቹን ወደ ድሮ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 6

ትናንት ወደ ምክር ቤቱ ከተማ ወጥተን አሁን ገባን። ሁሉም ተኝቷል፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በአንድ ወገን እኛ፣ በሌላው መምህራኑ፣ የቴሌቪዥን ሰዎች መሀል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴናተር ሆልም የሚባሉ የገጠር ሽማግሌ ናቸው። ከፊታቸው የሃቲ ፓይ ተቀምጧል፤ ቆርሰውታል። ሃቲ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ማይክሮፎኑ ጋ ቀረበች። ወረቀቱን ያዘች። አንድ ቃል አልዘለለችም። ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ገጽ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ገለበጠችው። እኔ ከንፈሬ አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር። ስትጨርስ ከኋላዬ ያለች ሴት አፍንጫዋን ተናፈጠች።

ያኔ ሽማግሌው፣ በደግነት እኮ ነው፣ «ግሩም ነው። በይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ያልወደድሽውን አንቀጽ ራሱን አንብቢልንና መዝገብ ላይ ይግባ» አሉ። አንድ ሠራተኛ ረቂቁን አምጥቶ እጇ ላይ አኖረው።

ጆሮዋ ሲቀላ ከተቀመጥኩበት አየሁት። ብድግ አልኩ። ቤቨርሊ «ተዪያት፣ ትችላለች» ብላ እጅጌዬን ጎተተችኝ። ልጄ ያን ወረቀት እያየች ቆማለች። ከዚያ ወረቀቱን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አለች፣ «እኔ ለማላውቀው ሰው በትእዛዝ አላነብም። የመጣነውም ለዚሁ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይቺማ ጠበቃ ናት!» አሉ። የእኛ ወገን ቆሞ አጨበጨበ። መምህራኑም ሳይቀሩ የሳቁ ነበሩ። ቤቨርሊ ጆሮዬ ላይ «አሸነፍን» አለችኝ። እኔም መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። ሃቲ ግን ወደ ሕዝቡ አልነበረም የምታየው፤ ወድቆ ተነሥቶ ያመመው እንደሆነና እንዳልሆነ የእናቱን ፊት አይቶ እንደሚወስን ሕፃን እኔን ነበር የምታየው። ፈገግ አልኩላት።

ስንመለስ በረዶ ጣለ። ከፊት ወንበር ከከርት ጎን የተቀመጠችው ሃቲ ነበረች፤ የቀኑ ጀግና ብለን። ከርት መስታወቱን በእጁ እየጠረገ «ሃቲ፣ ያ ምልክት ምን ይላል? ወደ ቤት መታጠፊያው ነው?» አላት። ምልክቱ እየቀረበ መጣ። «አባቴ፣ በረዶው...» አለች።

ከኋላ ኤምሪ አነበበው። ከርት ታጠፈ። ቤት እስክንደርስ ሬዲዮውን አልከፈተም።

ዓርብ፣ ማርች 8

ዶና ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ሃቲን በቴሌቪዥን አይታታለች።

«ጎበዝ ናት አይደል?» አልኳት።

«ጎበዝማ ናት! ማንበብ የማይችል ልጅ ያንን ሁሉ ሕዝብ ለማታለል ምን ያህል ጎበዝ መሆን እንዳለበት ታውቂያለሽ? ስንት ዓመት እንደሚለፋበት ታውቂያለሽ?»

«ቤቴ ቆመሽ ልጄን አትሰድቢም።»

«አልሰደብኳትም። ሩትአን፣ ስሚኝ። ትምህርት ቤት አስገቢያት አላልኩሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። እዚሁ፣ እናንተ ማዕድ ቤት። ለማንም አልናገርም። እንዲህ ያሉ ልጆች አስተምሬያለሁ፤ መንገድ አለው፣ ይለመዳል።»

«ቀይ ጠረጴዛሽን ይዘሽ ውጪልኝ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ቀዩ ጠረጴዛ ጥፋት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ጮኸሽ፣ ሌሎችም ጮኹ፣ ተነሣ። ያንቺ ሶፋ ላይ ግን ማን ይጩህ?»

በሩን ከፈትኩላት። ወጣች። ስዞር ሃቲ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

«አክስቴ ዶና ተመልሳ ትመጣለች?»

«አትመጣም» አልኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 20

አሥራ አንድ ሞላት። ኬክ፣ ሻማ፣ ከርት የሠራላት አዲስ የዶሮ ቤት። ከዶና የመጣ ካርድ ነበር። ሃቲ ገልጣ አየችው፣ ፈገግ አለች፣ «ደስ ይላል» ብላ መልሳ አጠፈችው። ቀስ ብላ ለኤምሪ ስታቀብለው አይቻለሁ።

ለቤቨርሊ ደወልኩ። ጆኤል በእርግጥ በአሥራ አንድ ነው ያነበበው ወይ ብዬ። «ኧረ እንጃ» አለች፣ «አሥራ ሁለትም ሊሆን ይችላል። በሰባት ልጅ መሀል ማን ያስታውሳል?»

ልጆቹ ሲተኙ ከርት እንዲሁ በድንገት «ሩቲ፣ ልጅቷ ታነባለች?» አለኝ።

«ታነባለች።»

«እሺ» አለ። ካፖርቱን ለበሰና ቅድም የጠረገውን የመኪና መስታወት ሊጠርግ ወጣ።

ረቡዕ፣ ማርች 27

ሕጉ ወደቀ። ከኮሚቴው አልወጣም። ቤቨርሊ ስልክ ላይ ታለቅሳለች፣ ከኋላዋ ልጆቹ ይጮሃሉ። «የሃቲ ሥራ ነው» አለች፣ «ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር!» ለሃቲ ልነግራት ወደ ዶሮዎቹ ሮጥኩ።

«ወደቀ! አሸነፍሽ!»

ባልዲውን አስቀመጠች።

«እንግዲህ ማንም አይመጣም ማለት ነው?»

«ማንም አይመጣም የኔ ጌጥ።»

«በመከር፣ ትምህርት ሲጀመርም?»

«በመከርም። በጭራሽ።»

«ያቺ ሴትዮም?»

«የትኛዋ ሴትዮ?» ልላት ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። ስታለቅስ ከደስታ ነው ብዬ አቀፍኳት። እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው ቀሩ። አላቀፈችኝም። እኔ ደግሞ ያቺን ልጅ ይዤ ጭቃው መሀል ቆሜ፣ በልቤ ይሄ ደስታ ነው፣ ይሄ ደስታ ነው እላለሁ።

እየጻፍኩ ሳለሁ ያ ሳህን ስታደርቅ የጠየቀችኝ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ፈርታ መስሎኝ ነበር። ፈርታ አልነበረም። ያቺን ሴት ትጠብቃት ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 2

ስብስቡ ለድሉ ግብዣ ነበረው። ቀረን። ጉንፋን ይዞናል ብዬ ዋሸሁ።

ጠዋት ሶፋ ላይ መጽሐፉን ለሃቲ ሰጠኋት። በሰዎቹ መርከብ ዙሪያ በረዶው መሰንጠቅ የጀመረበት ገጽ ነው፤ ገና አላነበብኩላቸውም። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አኖረች። አየችኝ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልነገርኳትም። ኤምሪ አፉን ሲከፍት እጄን ጭኑ ላይ አሳረፍኩ። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። ፊቷ እየቀላ፣ እየነጣ ሄደ፤ እኔ እንዲህ ዝም ብያት አላውቅም። ይቅር በለኝ አልኩ በልቤ፤ ማንን እንዳልኩ አላውቅም።

መጽሐፉን ዘጋችው።

«እማ፣ ለሌላ ሰው ብናገር ትቆጪኛለሽ?»

«ለማን?»

«ለአክስቴ ዶና።»

«ምን ብለሽ?»

የተዘጋውን መጽሐፍ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። መመለስም አልነበረባትም። አልቆጣሽም ለማለት አፌ እንዴት እንደከበደኝ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያነበበ አፍ ነው።

«አልቆጣሽም» አልኳት።

ስልኬን አነሣች። ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገቻቸው፤ የዶናን ስም ከስሞቹ መሀል ለይታ ማውጣት አልቻለችም። ወስጄ ደወልኩላትና መልሼ እጇ ላይ አኖርኩት። መጥራት ጀመረ። ከአጠገቧ ቆምኩ፤ ምናልባት ቃል ቢጠፋት ብዬ።

«እማ» አለችኝ ስልኩን በእጇ ሸፍና፣ «አንቺ ውጪ።»

ኤምሪን ይዤ ወጣሁ። ካፖርት አልለበስኩም። በረንዳው ላይ ቆሜ በመስታወቱ አያታለሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ አንድ እጇ የሶፋውን ጠርዝ ጨብጧል። ኤምሪ «ምን እያለቻት ነው?» አለኝ።

አይሰማም አልኩት።

ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። እስክትጠራኝ ድረስ አልገባሁም።